ከኮድ ውስጥ ጽሑፍን ለቅሞ ማውጣት

አንድ ድረ ገጽ በሁለተኛ ቋንቋ እንዲነበብ ሲታሰብ ሥራው የሚጀምረው ከፕሮግራመሩ ዘንድ ነው፤ ተርጓሚው ኋላ ይደርሳል። ተጠቃሚው የሚያያቸው ዓረፍተ ነገሮች፣ በቁልፎች ላይ ያሉ ቃላትና የስሕተት መልእክቶች ከኮዱ ተለይተው ወደ ራሳቸው ፋይል መውጣት አለባቸው። እንደ ጊኒር ባለች የባሌ ከተማ ይህ ቅንጦት አይደለም። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በገበያውም በቢሮውም ደጅ ግን አማርኛ የሚቀናው ሰው አይጠፋም። አንዱ በላቲኑ ቁቤ፣ ሌላው በግእዝ ፊደል ይጻፋል። የስንዴ ዋጋ የሚያሳይ ተራ ገጽ እንኳ ሁለቱን ካልቻለ ከአንባቢው ከፊሉን ያጣል።

ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስፋት የሚሠራበት መሣሪያ ጌትቴክስት ነው። ፕሮግራመሩ የሚተረጎመውን ጽሑፍ በአንድ የፈንክሽን ጥሪ ውስጥ ያስገባል፤ አውጪው ፕሮግራም ደግሞ ኮዱን ሳያስኬድ እያነበበ በዚያ ጥሪ ውስጥ በጥቅስ ምልክት የተጻፈውን ይለቅማል። ሳያስኬድ ማንበቡ ግን ጣጣ አለው። በፓይተን ኤፍ-ስትሪንግ የደንበኛው ስም በጽሑፉ ውስጥ ከተሰካ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ስሙ ቀድሞ ይገባና «ሰላም ጫልቱ» የሚል፣ በትርጉም ፋይሉ ውስጥ የሌለ ጽሑፍ ይፈለጋል። መፍትሔው ለስሙ ክፍት ቦታ ትቶ ትርጉሙ ከተገኘ በኋላ መሙላት ነው። ከዳታቤዝ የሚመጣ ጽሑፍም በዚህ መንገድ አይለቀምም፤ ለብቻው መመዝገብ ይኖርበታል።

ከሁሉ የከፋው ዓረፍተ ነገርን ቆራርጦ ማውጣት ነው። በእንግሊዝኛ ያሰበ ፕሮግራመር «አለዎት»ን፣ ቁጥሩን፣ «መልእክት ከ»ን እና ስሙን በመደመር ምልክት ያያይዛል። ተርጓሚው እጅ የሚደርሰው ሁለት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። አማርኛም አፋን ኦሮሞም ግሳቸው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ምንም ያህል ቢጠበብ «አለዎት 3 መልእክት ከ ጫልቱ» ከሚል ገጽ አያመልጥም። ዓረፍተ ነገሩ ሳይቆረጥ ቢወጣ «ከጫልቱ 3 መልእክት ደርሶዎታል» ለማለት ማን ይቸገራል? በየገጹ የሚታየው ስብርብር አማርኛ የሚሳበበው በተርጓሚው ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የኮዱ ነው።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። ሲኤልዲአር በሚባለው የዩኒኮድ የቋንቋዎች መረጃ አማርኛ ዜሮንና አንድን በነጠላ መደብ ያስቀምጣል፤ አፋን ኦሮሞ በነጠላ የሚይዘው አንድን ብቻ ነው። ስለዚህ «ቁጥሩ አንድ ከሆነ» ብሎ በኮዱ ውስጥ መፍረድ አያዋጣም፤ ለትርጉም ላይብረሪው መተው ይሻላል። ጽሑፉ ለማን እንደሚነገርም መታወቅ አለበት፤ ለአዛውንት ባለጉዳይ «ግባ» የሚል ቁልፍ ድፍረት ነው፣ «ይግቡ» ይባላል። ከጽሑፉ በላይ በኮዱ ላይ አንድ መስመር ማስታወሻ ከተጻፈ መሣሪያው ለተርጓሚው አብሮ ሊያወጣለት ይችላል።

ቀን ግን ከሚለቀሙት ውስጥ አይደለም። ኢንትል የሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ የኢትዮጵያን የ13 ወር አቆጣጠር ያውቃል፤ እሱን መጥራት ይበቃል። በአንጻሩ የምስል መግለጫ፣ በባዶ ሳጥን ውስጥ ያለ ፍንጭና ከሰርቨር የሚላክ ኤስኤምኤስ ዘወትር ይረሳሉ። ያመለጠውን ለማግኘት የወጣውን ጽሑፍ ሁሉ ለሙከራ በቅንፍ አስገብቶ ገጹን መክፈት ነው፤ ያለ ቅንፍ የታየው አልተለቀመም ማለት ነው።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ መነሻውን እንደ ልብ መነካካት አይቻልም። በእንግሊዝኛው ላይ አንዲት ነጥብ ብትታረም መሣሪያው የድሮውን ትርጉም አጠራጣሪ ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ሰው አይቶ እስኪያጸድቀው ድረስም ባለጉዳዩ የሚያየው እንግሊዝኛውን ነው።