ጭብጨባው የት ገባ?

የዛሬው ሂሴ በጨፋሪዎች ላይ ብቻ ሳይሆን በእኛ በተመልካቾችም ላይ ነው።

የዓለም የስደተኞች ቀን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ጁን 20፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 13 ይከበራል። በካምፓችን ባለፈው በዓል ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ተማሪዎች የጎንደርና የወሎ እስክስታ አቅርበው ነበር። ልምምዳቸውን ከትምህርት በኋላ ክፍል ውስጥ አይቻለሁ። ከበሮ ስላልነበራቸው የሚመቱት የውሃ ጀሪካን ነበር። እውነቱን ለመናገር ልምምዱ ከመድረኩ ይበልጥ ያምር ነበር። ለምን?

ከጨፋሪዎቹ ልጀምር። በጎንደሩ ላይ የስድስቱም ትከሻ ከምቱ ጋር አንድ ነበር። ወደ ወሎው ሲሸጋገሩ ግን ተቻኮሉ፣ እርስ በርስም ተቀዳደሙ። ይሄ በልምምድ ይታረማል።

ቀጥሎ የሆነው ግን የእነሱ ጥፋት አይደለም። አንዷ ልጅ ከመድረክ ወርዳ ትከሻዋን እየሰበቀች ወደ ፊተኛው ወንበር መጣች። ግብዣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሠርግ ቤት ቢሆን የተጠራው ይነሳል፣ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ እናቶች እልል ይላሉ። እዚያ ግን ከፊት የተቀመጥነው በሙሉ ስልክ ደግነን ነበር፤ እኔም ጭምር። ልጅቷ ያገኘችው የሰው ዓይን ሳይሆን የስልክ ጀርባ ነው። ጥቂት ጠበቀችና ብቻዋን ተመለሰች። በኋላ ሳነጋግራት «ቲቸር፣ ዝም ስትሉን የተሳሳትን መስሎኝ ደነገጥኩ» አለችኝ።

እስክስታ የጨፋሪው ብቻ አይደለም። ተመልካቹ በጭብጨባው ምቱን ይይዝለታል፣ በእልልታው ጉልበት ይሰጠዋል። ስልክ የያዘ እጅ ደግሞ አያጨበጭብም። ጭብጨባው ሲጠፋ ምቱ ይሳሳል፤ ምቱ ሲሳሳ ጨፋሪው ይቸኩላል። አሁን ሳስበው ወሎው ላይ የተቻኮሉትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ምን አተረፍን? ማታ ቪዲዮዬን ከፈትኩት። ከስድስቱ የገቡት ሁለቱ ናቸው። መሸት ብሎ ስለነበር ያ ፈጣን የትከሻ ንቅናቄ ጭጋግ መስሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሊንዳ ሄንከል ጥናት እንዳሳየው፣ ሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ፎቶ ያነሱ ሰዎች፣ ያነሷቸውን ዕቃዎች ዝም ብለው ካዩዋቸው ባነሰ ሁኔታ አስታውሰዋል። ሙዚየም ጭፈራ አይደለም፤ እኔ ግን ራሴን አየሁበት። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኬት ቡሽ ከ35 ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ወደ መድረክ ስትመለስ፣ ታዳሚዎቿ ስልክና ካሜራ እንዳይጠቀሙ ለምና ነበር። ስለዚህ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም።

ስልክ ይከልከል ግን አልልም። እኛ ከዘመድ የተለያየን ሰዎች ነን። ልጇን ለዓመታት ያላየች እናት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ስታገኝ ምን እንደሚሰማት ለእናንተ አልነግርም። ደግሞም እዚህ ሆነን የምናቆየው ማስታወሻ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል፣ ከምን ሸሽቶ እንደመጣ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ፊቱ በየስልኩ እንዲዞር የማይፈልግ አለ። ሳይጠይቁ መለጠፍ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ሊሆን ይችላል።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ጨፋሪዎቹን አስቀድመን እንጠይቅ። ከፈቀዱ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ሁሉንም ይቅረጽ፣ በኋላ እነሱ ለመረጡት ያካፍል። የቀረነው ስልካችንን ኪስ ከተን ሁለቱንም እጃችንን ለእነሱ እንስጥ። በሚቀጥለው በዓል ያቺ ልጅ ወደ እኔ ብትመጣ፣ ባልችልበትም እነሳለሁ።

ለክፍል ውይይት፦
1. አንተ ወይም አንቺ መድረክ ላይ ብትሆኑ ከተመልካች ምን ትፈልጋላችሁ?
2. የተቀረጸው ቪዲዮ የማን ነው? የቀራጩ ወይስ የጨፋሪው?