«የሚራመድ ዓሣ» ወይስ አሾሎትል?

በሜክሲኮ ከተማ ውስጥ በሶቺሚልኮ ቦዮች የሚኖረውን እንስሳ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ወስዶ «የሚራመድ ዓሣ» ማለት ስሕተትን መተርጐም ነው። እንስሳው እንቁራሪት አስተኔ እንጂ ዓሣ አይደለም፤ ስንጥብ ቢኖረውም ሳንባና አራት እግሮች አሉት።

ስሙን በውሰት መያዝ ይሻላል። ዳሩ ግን «አክሶሎትል» የላቲኑን ፊደል እንጂ ድምፁን አልተከተለም። የስሙ ምንጭ በሆነው በናዋትል ቋንቋ ኤክስ «ሽ» ተብሎ ይነበባል፤ «ሸ» ላለው ፊደላችን «አሾሎትል» ብሎ መጻፍ ምን ያስቸግራል?

ይበልጥ የሚከብደው ጠባዩን የሚገልጸው ቃል ነው። አሾሎትል የእጭነት መልኩን ሳይለቅ ይራባል፤ እንቁላልም ይጥላል። ስለዚህ «ያልበሰለ እጭ» የሚለው አይሆንም፤ ያልበሰለ አይራባምና። «ዘላለማዊ እጭ» የሚለውም አይጸናም። በ1865 እ.ኤ.አ. ኦጉስት ዱሜሪል በፓሪስ ከተፈለፈሉት አንዳንዶቹ ስንጥባቸውን አጥተው ወደ የብስ እንስሳነት ሲለወጡ ተመልክቷል፤ የታይሮይድ ሆርሞን የተሰጠውም እንዲሁ ሊለወጥ ይችላል። «እጭ መሰል ጐልማሳ» ቢባል መልኩንም ዕድሜውንም ይይዛል፤ ርዝመቱ ለመዝገበ ቃላት አለመመቸቱ ግን አይካድም።