መጠይቁ ያልጠየቀው

ማኅበረሰቡ ሴቶች ለሰውነታቸው ባላቸው አመለካከት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ለመለካት፣ የአመጋገብ ሕመም አጥኚዎች «ሳታቅ» የተባለውን መጠይቅ በስፋት ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ሦስተኛው ቅጽ ትኩረቱን በቴሌቪዥንና በመጽሔት ላይ አድርጎ ነበር፤ በ2015 የወጣው አራተኛው ቅጽ የቤተሰብንና የጓደኛን ግፊት ለይቶ መጨመሩ ይበል የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ግፊት ሲል በዋናነት ወደ ቅጥነት የሚገፋውን ነው። በአምቦና በአካባቢዋ ግን «ወፈርሽ» ምስጋና፣ «ከሳሽ» የሕመም ጥርጣሬ ሊሆን ይችላል። ምግብ የቀነሰችበትን ምክንያት 55 ቀን ከሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ጋር የምታያይዝ ወጣትም፣ በመጠይቁ ነጥብ ብቻ ከተመዘነች ሕመሟ ሳይታወቅ ልትታለፍ ትችላለች። ስለዚህ ቅጹን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱንም ግፊቶች የሚዳስሱ ጥያቄዎች ሊታከሉበት ይገባል። እስከዚያው ባለሙያው ከነጥቡ ባሻገር፣ ከፋሲካ በኋላ አመጋገቧ ተመልሶ እንደሆነ ይጠይቅ።