የሚረባና የማይረባ

ባሕር ዳር ነኝ። ከሐይቁ ዳር ካሉት ቡና መጠጫዎች በአንዱ ተቀምጬ ነፋስ እቀበላለሁ። ከጎኔ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ አሉ። ወጣቱ ፊት ለፊት ወረቀት ተዘርግቷል። ወረቀቱ ላይ ሰንጠረዥ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ የሩሲያኛ ቃላት። ልጁ ሩሲያ ሊማር ሊሄድ ነው መሰለኝ። ግንባሩን ይዞ፣

"ጋሼ፣ ይሄንን ቋንቋ ሰው አይማረውም! አንድ 'መጽሐፍ' ለማለት ስድስት ዓይነት መጽሐፍ!" ይላል።

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። በኋላ እንዳጫወቱኝ የደልጊ ሰው ናቸው። ደልጊ ከጣና ማዶ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ቁንዝላን አልፎ ይደርስባት የነበረችው፣ ደልጊ። ሰውዬው በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተልከው መሐንዲስ ሆነው ተመልሰዋል። ከዚያ በፊት ግን ቅኔ ቤት ነበሩ።

"እስቲ 'መጽሐፍ' በለኝ" አሉት።
"ክኒጋ።"
"'የመጽሐፍ'ስ?"
"ክኒጊ።"
"'ለመጽሐፍ'?"
"ክኒጌ።"
"'መጽሐፉን አነበብኩ' ስትል?"
"ክኒጉ።"
"'በመጽሐፍ'?"
"ክኒጎይ።"
"ብዙ ሆነው 'የመጻሕፍት' ስትልስ? አጻጻፉን ንገረኝ።"
"ክኒግ።"
"እንግዲህ መጨረሻ መጨረሻውን ሰብስብልኝ። ጉ፣ ጊ፣ ጋ፣ ጌ፣ ግ፣ ጎ። ይኸ ምንድን ነው?"

ልጁ ዝም አለ።

"ፊደል ነዋ! ግዕዙ 'ገ' ብቻ ጎደለ። በልጅነትህ ስታዜመው የኖርኸውን ነው አሁን ሰንጠረዥ ሲሆን የፈራኸው።"

ጆሮዬን ጥዬ ስሰማ የነበርኩት እኔም ቡናዬን ረሳሁት። ያለ ይሉኝታ ወንበሬን ሳብኩና ተቀላቀልኳቸው።

በርግጥ የፊደሉ ነገር አጋጣሚ ነው። ሩሲያኛና አማርኛ አይዛመዱም። ሩሲያኛ የስሙን ሥራ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ባለው ድምፅ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ አናባቢን በአንድ አካል ላይ እየለዋወጠ ይጽፋል። ሁለቱ ተገናኙና ዘዴ ሆኑ። ከአጋጣሚው በታች ያለው ነገር ግን አጋጣሚ አይደለም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁትም ስለ እሱ ነው።

ባሕር ዳርና ሩሲያ ድሮም ይተዋወቃሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1951 ዓ.ም. ሞስኮን ጎብኝተው ብድር አግኝተው ተመለሱ። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየቶች ርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ እዚሁ ጣና ዳር ተከፈተ። በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ተማሪው አንዱን ግቢ "ፖሊ"፣ ሌላውን "ፔዳ" ማለቱን አልተወም። ከአብዮቱ በኋላማ መንገዱ ሰፋ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሶቭየት ከተሞች ጎረፉ። የመጀመሪያው ዓመት "ፖድፋክ" ይባላል፤ የመሰናዶ ክፍል ማለት ነው። ሕክምናም ተማር ምሕንድስና፣ መጀመሪያ ሩሲያኛ።

"እዚያ ማን ሰጠመ፣ ማን ዋኘ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"መጀመሪያ የሰጠሙት እንግሊዝኛ አቀላጥፈው የሚናገሩት የከተማ ልጆች ናቸው" አሉኝ። "በእንግሊዝኛ ስም መልኩን አይለውጥም፤ ቦታውን ነው የሚለውጥ። እነሱም 'ለምን ይለወጣል?' እያሉ ከመምህራኖቹ ጋር ሲከራከሩ ዓመቱ አለቀ። እኔ ግን 'ቤት' ተሳቢ ሲሆን 'ሐነፀ ቤተ' እንደሚባል የኔታ በአርጩሜ አስተምረውኛል። ክኒጋ ክኒጉ ሲሆን ምን ይገርመኛል?"

አያችሁ? ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዘርፍ፣ እርባታ። ሰውዬው ሞስኮ ሳይደርሱ ሳጥኖቹን ይዘው ነበር። እዚያ የጠበቃቸው ሳጥኖቹን በአዲስ ዕቃ መሙላት ብቻ ነው።

ሳቅ ያለበት ስሕተትም አልጠፋም። "በእርሳስ ጻፍኩ" ለማለት ፈልገው "ቭ ካራንዳሼ" አሉ። መምህሯም "እርሳሱ ውስጥ ገብተህ ነው የጻፍኸው?" አሏቸው። የእኛ "በ" ታታሪ ናት። በባሕር ዳር፣ በእርሳስ፣ በሌሊት፣ በችግር፤ ቦታውንም መሣሪያውንም ጊዜውንም ምክንያቱንም ብቻዋን ትሸከማለች። ሩሲያኛ ሥራውን ያከፋፍለዋል። መሣሪያ ከሆነ መስተዋድዱን ጥሎ "ካራንዳሾም" ይላል። "'በ' ስንት ሥራ እንደምትሠራ ያወቅሁት ሩሲያኛ ስማር ነው" አሉኝ። የሰው ቋንቋ ለራስ ቋንቋ መስተዋት የሚሆነው እንዲህ ነው። መስተዋት ግን የሚጠቅመው ፊት ላለው ሰው ነው።

የቃላት እርባታውም ያው ነው። ሩሲያኛ ከአንድ ሥር ኡቺት (ማስተማር)፣ ኡቺቴል (መምህር)፣ ኡቼኒክ (ተማሪ)፣ ኡቾኒ (ምሁር)፣ ኡቼብኒክ (መማሪያ መጽሐፍ) እያለ ይወልዳል። በቅንፍ ያሉትን የአማርኛ ቃላት መልሳችሁ ተመልከቷቸው። ማስተማር፣ መምህር፣ ተማሪ፣ ምሁር፣ መማሪያ፤ እነዚህም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው! ልዩነቱ አወላለዱ ላይ ነው። ሩሲያኛ አብዛኛውን ጊዜ ከፊትና ከኋላ ይቀጥላል። የእኛው መቀጠሉንም ያውቅበታል፤ ከዚያ በላይ ግን ሆዱ ውስጥ ገብቶ አናባቢ ይለዋውጣል። ታዲያ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘውን ወዳጃችሁን "ምሁርና ተማሪ ምን ያዛምዳቸዋል?" ብላችሁ ጠይቁት። "ሁለቱም ይርባቸዋል" ብሎ ይቀልድባችኋል እንጂ ሥሩን አይነግራችሁም።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እኔም በተማርኩበት ትምህርት ቤት የአማርኛ ሰዋስው ማለት ስም ማውጣት ነበር። "ከሚከተሉት ውስጥ ቅጽል የሆነው የቱ ነው?" ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ያንን አክብበን አለፍን። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ስለ ገዛ ቋንቋችን የምናወራው "ሰብጀክት"፣ "ኦብጀክት" እያልን ሆነ። ባለቤትንና ተሳቢን ዐሥር ዓመት አብረናቸው ቆጥረን ሥራቸውን ሳናውቅ ተለያየን። ከዚያ ሩሲያኛም ሆነ ጀርመንኛ ሲመጣብን ሰንጠረዡን እንደ ስልክ ቁጥር እንሸመድዳለን። ፈተናው ሲያልፍ ቁጥሩም ይጠፋል።

የሚገርመኝ፣ አገር ሲቸግራት ወዴት እንደምትሮጥ ታውቅ ነበር። አብዮቱ መጥቶ የማርክስና የሌኒን ቃላት በአማርኛ ይጠሩ ሲባል መፍትሔው የተገኘው ከየት ነው? "ርዕዮተ ዓለም" እና "ኅብረተሰብ" ላይ ያለችው "ተ" የግዕዝ የዘርፍ አያያዝ ናት። "ላብ አደር"፣ "ወዝ አደር"፣ "ሠርቶ አደር" ደግሞ ወታደርና አርሶ አደር ከሚረቡበት ቤት የወጡ ናቸው። ሃይማኖትን ኋላ ቀር ያለው ሥርዓት የገዛ መዝገበ ቃላቱን የሰፋው በቤተ ክህነት ወስፌ ነበር።

ሩሲያውያኑ ይህን ሀብት እኛ ከናቅነው በላይ አክብረውታል። ሴንት ፒተርስበርግ ያስተምር የነበረው ቦሪስ ቱራዬቭ ከመቶ ዓመት በፊት የቅዱሳኖቻችንን ገድል በግዕዝ እያነበበ ያሳትም ነበር። ከእኛ በኩልስ? ሺዎች ሄዱ፣ ሺዎች ተመለሱ። ሐኪም ሆኑ፣ መሐንዲስ ሆኑ፣ አገር አገለገሉ። በ1984 ዓ.ም. ሶቭየት ኅብረት ፈረሰች። ቋንቋዋም ከእነሱ ጋር ጡረታ ወጣ። የሞስኮው ፕሮግሬስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ ያሳተማቸው መጻሕፍት ገጻቸው ተቀዶ በርበሬ ሲጠቀለልበት በዓይኔ አይቻለሁ።

"ሩሲያኛን በአማርኛና በግዕዝ እያነጻጸረ የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፉልን ያለዎት ሰው አለ?" ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው።

"ማንም" አሉ። ቆየት ብለውም "እኔም ጠይቁኝ አላልኩ" ብለው ጨመሩበት።

እዚህ ላይ ያዙኝ፤ ቅኔ ቤት ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ነው የሚያድር፤ ከውሻ ጋር እየታገለ። ሴት ልጅ ከደጃፉ ያለፈችው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። ሽምደዳም ሞልቶታል። ያም ሆኖ ቅኔ ቤት ከሸመደደ በኋላ "በል ያንተን አምጣ" ይላል። ተማሪው ግሱን ካረባ በኋላ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቆማል። ሕጉን የሚማረው ሊጠቀምበት ነው። የእኛ ዘመናዊ ክፍል ሽምደዳውን ወረሰ፤ "ያንተን አምጣ" የሚለውን ግን እዚያው ዛፉ ሥር ትቶት መጣ። ትችቴ ይኸው ነው። ከሁለቱም ቤት የወሰድነው ክፉ ክፉውን ነው።

"ረባ" የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ለቅኔ ቤት ሰው ግስ ሲዘረዘር "ይረባል"። ለገበሬው ከብት ሲወልድ "ይረባል"። ለከተሜው "አይረባም" ማለት ዋጋ የለውም ማለት ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው። የሚረባ ማለት ሌላ የሚወልድ ነው። ሳይወልድ የቀረ ዕውቀት፣ ዲግሪው ፍሬም ውስጥ ቢሰቀልም አልረባም።

ልንነሳ ስንል ሽማግሌው ልጁን የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቁት።

"'በባሕር ዳር' በሩሲያኛ?"
"ቭ ባሕር ዳሬ።"
"ጎበዝ። 'በደልጊ'ስ?"

ልጁ ወረቀቱን አየ፣ ሰማይ አየ። በሩሲያኛ ደንብ፣ በ"ኢ" ድምፅ የሚያልቅ የባዕድ አገር ስም መልኩን አይለውጥም። ደልጊ በስድስቱም ያው ደልጊ ናት።

"ጋሼ፣ ደልጊ አትረባም!" አለ።

"እሱንስ" አሉ ሽማግሌው ኪሳቸውን እየዳበሱ፣ "ሩሲያኛ ሳይማሩም የሚሉን ሞልተዋል።" የሦስታችንንም ቡና ከፈሉ።