ካሊፎርኒያ የበቀለው ጫካ

የ16 ሚሊሜትር ፊልም ቆርቆሮ እንደከፈትኩ መጀመሪያ አሸታለሁ። አቼቶ አቼቶ ካለኝ ፕላስቲኩ መበስበስ ጀምሯል፤ ሌሎቹን እንዳያስይዝ ለብቻው ይቀመጣል። ሽታው ደህና ከሆነ ጥቅሉን እየፈታሁ ጠርዙን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ የተቀደደ ቀዳዳና የለቀቀ መጋጠሚያ ከዓይን ይልቅ ለጣት ይታወቃል። ኮዳክ ጠርዙ ላይ ያተማቸው ክብ፣ ካሬና ሦስት ማዕዘን ምልክቶች ጥሬ ፊልሙ የተሠራበትን ዓመት ይጠቁማሉ፤ በየ20 ዓመቱ ስለሚደገሙ ግን ብቻቸውን አይታመኑም።

ይህ ሁሉ ልፋት «ቦምባ» ለተባሉት ተከታታይ የጫካ ፊልሞች መሆኑ ወዳጆቼን ያስቃቸዋል። አልፈርድባቸውም። ከ1949 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. የወጡት 12 ፊልሞች በርካሽ የተሠሩ ናቸው። በታርዛን ፊልሞች የታርዛንን ልጅ እየተጫወተ ያደገው ጆኒ ሼፊልድ ጎርምሶ ቦምባ ሆነ፤ ታርዛኑ ጆኒ ቫይስሙለርም በሌላ ስቱዲዮ ሸሚዝና ሱሪ ለብሶ «ጃንግል ጂም»ን ሲጫወት ከረመ።

እኔን የሚስበኝ መጋጠሚያው ነው። ቦምባ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደ ሩቅ ያያል፤ ወዲያው የእንስሳት መንጋ ይመጣል። የመንጋው ሥዕል ግን በነጭ ሸማ ላይ እንደተጣፈ ጆንያ ሻካራ ነው። ቦምባ የቆመው ካሊፎርኒያ፣ መንጋው የተቀረጸው ደግሞ «አፍሪካ ስፒክስ» ለተባለው የ1930 ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ፎርድ ቢቢ ታሪኩን የሚያዋቅረው ባለው ቁራጭ ልክ ስለነበር፣ አንዱን መንጋ በሌላ ፊልም ውስጥ ዳግም ስታገኘው የድሮ ጎረቤት ያየህ ያህል ትደሰታለህ። አስቂኙ ነገር፣ «እውነተኛው» አሮጌ ፊልምም አንበሳ ልጅ ሲገድል የሚያሳየውን ትዕይንት ያቀናበረው እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ መካነ እንስሳት ውስጥ ነው።

ፊልሞቹ አፍሪካዊውን ጓዝ ተሸካሚና ከበሮ መቺ ብቻ ማድረጋቸውን በናፍቆት ሰበብ የሚያልፉ ሰብሳቢዎች አሉ። እኔ አላልፈውም፤ ፊልሙን የምይዝበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው። ያ አፍሪካ በመቀስና በማጣበቂያ እንዴት እንደተሠራ ከመጋጠሚያው የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ለግዢ ከሆነ፣ ለቴሌቪዥን የወጡ ቅጂዎችን አልንቅም። በ1962 የቺካጎው ደብሊው ጂ ኤን ጣቢያ «ዚም ቦምባ» ብሎ ሲያሳያቸው ብዙ ተመልካች አግኝተዋል። የጣቢያ ቅጂ ለማስታወቂያ ተብሎ የተቆራረጠ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገሬ በፊት ርዝመቱን እለካለሁ። የ70 ደቂቃ ፊልም 2520 ጫማ ያህል መሆን አለበት።