ሰበብ የማይጠይቅ ደንብ፦ የኤንቢኤ የተጫዋቾች ዝርዝር አንቀጽ ሲፈተሽ

እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ቦታ ያጣ ተጫዋች ይታመም ነበር። ደንቡ በአንድ ጨዋታ 12 ሰው ብቻ እንዲሰለፍ ይፈቅዳል፤ የተረፉት፣ ቢበዛ 3፣ የሚቀመጡት “የጉዳተኞች ዝርዝር” ላይ ነው። እዚያ ለመግባት ጉዳት ያስፈልጋል፤ የገባም ቢያንስ 5 ጨዋታ ሳያመልጠው አይወጣም። ጉዳቱም አይጠፋም ነበር። የጅማት መቆጣት፣ የወገብ ሕመም፣ የውስጥ እግር ሕመም፦ ሐኪም አለ ለማለትም የለም ለማለትም የሚቸገርባቸው ሕመሞች የሚበረቱት ተጠባባቂ ወንበር ጫፍ ላይ በሚቀመጡ ወጣቶች ላይ ነበር። ዋናው ተሰላፊ ድኖ በተመለሰ ቀን አንድ ጤነኛ ልጅ ጉልበቱን ያመዋል። ቡድኖቹ ይህን ያውቁታል፤ ጋዜጠኞቹም፣ ሊጉም ያውቁታል።

በ2005 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር የተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ያንን ዝርዝር ሰርዞ “የማይሰለፉ ተጫዋቾች ዝርዝር” በሚባል ተካው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያንን አንቀጽና እስከ 2023ቱ ስምምነት ድረስ የተደረጉለትን ማሻሻያዎች ነው። የ2023ቱ ሰነድ ከ600 ገጽ ይበልጣል። አንባቢው ሁሉ የሚሻማው ስለ ደመወዝ ጣሪያ የሚናገሩትን ምዕራፎች ሲሆን የእኛ አንቀጽ “ልዩ ልዩ” በሚለው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ቦታው አይመጥነውም። አሰልጣኝ ማንን ይዞ ወደ ሜዳ እንደሚገባ፣ ሥራ አስኪያጅ ስንት ወጣት አቅፎ ማሳደግ እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው።

የአንቀጹ ብልሃት በተወው ነገር ላይ ነው። በ2005ቱ ጽሑፍ መሠረት ቡድኑ እስከ 15 ሰው ይይዝ ነበር፤ ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት የሚሰለፉትን 12 ያስታውቃል፤ የቀሩት በዚያ ምሽት አይጫወቱም። ነገ ዝርዝሩ ሊገለበጥ ይችላል። ለምን ቀሩ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የአምስት ጨዋታው እገዳ ቀረ፤ ከሁሉም በላይ ጉዳት መኖሩን የማስረዳት ግዴታ ቀረ። ሰው ስለማይጠየቅ አይዋሽም። በስፖርት አስተዳደር ማጭበርበርን ቁጥጥር በማጥበቅ ሳይሆን ጥያቄውን በማንሳት ያስቀረ ደንብ ብዙ አላውቅም።

ሜዳ ላይ ያመጣው ለውጥ ፈጣን ነበር። ዛሬ ግዙፍ ሴንተር ካለው ቡድን ጋር የሚጫወት አሰልጣኝ ሦስተኛ ረጅም ተጫዋቹን ያስገባል፤ ከነገ ወዲያ ሩጫ ከሚወድ ቡድን ጋር ሲገናኝ እሱን አስቀርቶ ተኳሽ ይጨምራል። በጉዳተኞች ዝርዝር ዘመን ይህ አይታሰብም፤ አንዴ የተመዘገበ ሰው ሳምንት ሊያልፈው ይችል ነበር። በወንበሩ ጫፍ ላይ ያለው ቦታም የልምምድ ቦታ ሆነ። ገና ያልበሰለ የ19 ዓመት ልጅ መያዝ፣ ወደ ማሳደጊያው ሊግ (ዛሬ ጂ ሊግ ወደሚባለው) መላክና መመለስ ቀለለ። በ2011 ተሰላፊው ወደ 13 ከፍ አለ፤ በወረርሽኙ ወቅት፣ በ2020–21፣ ወደ 15።

ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ጥልቁ የ2017ቱ ነው። “ባለሁለት መንገድ ውል” የሚባለው በዚያ ዓመት መጣ፦ ከ15ቱ ውጪ የሚያዝ፣ በዋናው ቡድንና በጂ ሊግ መካከል የሚመላለስ፣ ደመወዙ በጣሪያው የማይቆጠር ተጫዋች። መጀመሪያ በየቡድኑ 2 ነበሩ፤ በ2023ቱ ስምምነት 3 ሆኑ። እያንዳንዱ በዋናው ቡድን ዝርዝር ላይ መገኘት የሚችለው ለ50 ጨዋታ ነው። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው መጫወቱ አይደለም፣ ዝርዝር ላይ መስፈሩ ነው። በኅዳር ወር ማልያ ለብሶ ወንበር ያሞቀበት ምሽት በመጋቢት ሲፈለግ ይጎድላል። ስለዚህ ማንን መቼ ማስመዝገብ የሚለው ራሱን የቻለ ስሌት ሆነ። የደመወዝ ወጪ ሲበዛ የሚከፈለው የቅንጦት ግብር የሚያስፈራው ቡድን መደበኛ ተጫዋቾቹን 14 ላይ አቁሞ ክፍተቱን በእነዚህ ልጆች እንዳይሞላ፣ ደንቡ ቡድኑ ከ15 በታች በሆነባቸው ጨዋታዎች ሁሉም በጋራ ከ90 በላይ እንዳይመዘገቡ ይከለክላል። ጸሐፊዎቹ የሥራ አስኪያጆቹን ልብ አውቀው ጽፈዋል።

ይህን ጽሑፍ ከማያሚ ሂት የተሻለ ያነበበው የለም ማለት ይቻላል። በ2023 ከምሥራቁ ስምንተኛ ሆኖ ወደ ጥሎ ማለፍ ገብቶ እስከ ፍጻሜው የዘለቀው ቡድን ዳንከን ሮቢንሰንን፣ ጌብ ቪንሰንትን፣ ማክስ ስትሩስንና ኬለብ ማርቲንን ይዞ ነበር። ደካማ ቡድኖች ቅድሚያ በሚያገኙበት ዓመታዊ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ በድራፍት፣ አራቱንም ማንም አልመረጣቸውም፤ አራቱም በማያሚ ባለሁለት መንገድ ውል አልፈዋል። ዕድል ነው የሚል ይኖራል። አንድ ጊዜ ቢሆን እሺ፤ አራት ጊዜ ሲሆን ግን ዘዴ ነው። ከወንበሩ ጫፍ ያለው ቦታ ለሁሉም ቡድን እኩል ተሰጥቷል፤ ትርፉ ግን የተጫዋች አሰልጣኞችና ትዕግሥት ላለው ይበልጣል። ቡድኖችን ለማቀራረብ የተባለው ልቅነት ዐዋቂውን ከሰነፉ የሚለይ ወንፊት ሆኗል።

በታኅሣሥ 2021 ደግሞ ደንቡ በችግር ተፈተነ። ኮቪድ ቡድኖችን በየቀኑ ሲያሳሳ ሊጉ ተተኪ እንዲያስፈርሙ ፈቀደላቸው፤ በዚያ የውድድር ዘመን ከ600 በላይ ተጫዋቾች ሜዳ ረገጡ። ቦስተን የ40 ዓመቱን ጆ ጆንሰንን በአስር ቀን ውል አስፈርሞ አጫወተ። የጨዋታውን ጥራት ማማት ይቻላል፤ ነገር ግን በጠባቡ የድሮ ደንብ ቢሆን ብዙ ጨዋታዎች ሰው አጥተው ይቀሩ ነበር።

እስካሁን ያመሰገንሁት አንቀጽ የተጻፈው ለወንበሩ ጫፍ ነው። አሰልጣኞች ግን ከላይ ጀምረው አነበቡት። ሰበብ ሳይጠየቅ 13ኛውን ማስቀረት ከተቻለ አንደኛውንስ ማን ይከለክላል? የሳን አንቶኒዮ አሰልጣኝ የነበሩት ግሬግ ፖፖቪች በመጋቢት 2012 ኮከባቸውን ቲም ደንከንን ሲያሳርፉ የጨዋታው መዝገብ ላይ የሰፈረው ምክንያት “አርጅቷል” የሚል ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ሐሰት የለበትም። በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ደንከንን፣ ቶኒ ፓርከርን፣ ማኑ ጂኖቢሊንና ዳኒ ግሪንን ማያሚ ላይ ለመላ አገሪቱ ከሚተላለፍ ጨዋታ በፊት ወደ ቤት ሰደዷቸው። ሳን አንቶኒዮ 105 ለ100 ብቻ ተሸነፈ፤ የሊጉ ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን ግን ክለቡን 250,000 ዶላር ቀጡ።

ሊጉ ከዚያ ወዲህ የጻፈው ሁሉ የ2005ቱን ጥበብ የሚያፈርስ ነው። በ2023 የወጣው የተሳትፎ መመሪያ ባለፉት ሦስት ዓመታት ኦልስታር ወይም የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ የገቡትን ኮከብ ብሎ ሰየመ፤ ከእነሱ ሁለቱን በአንድ ምሽት ያለ ምክንያት ማስቀረትን ከለከለ። ለዓመቱ ሽልማት ለመታጨትም 65 ጨዋታ ግድ ሆነ። ያለ ምክንያት የሚለው ሐረግ ተመልሶ መጣ፤ ምክንያትን ከጠየቁት ደግሞ አይታጣም። በታኅሣሥ 2023 ብሩክሊን ከሚልዋኪ ጋር ሲጫወት አራት ተጫዋቾቹን አስቀረ፤ ሊጉ ጉዳዩን በገለልተኛ ሐኪም ካስመረመረ በኋላ መጫወት ይችሉ ነበር ብሎ 100,000 ዶላር ቀጣ። በ2005 ከደጅ የተሸኘው ሐኪም ማህተሙን ይዞ ተመልሷል፤ ልዩነቱ ያኔ የሚመረመረው የተጠባባቂው ጉልበት መሆኑ ነው።

ቅጣቱስ ያስተምራል? ዳላስ በሚያዝያ 2023 ለማጣሪያ የመግባት ተስፋ ሳይቆረጥለት ካይሪ ኧርቪንግንና ሌሎችን አስቀምጦ በቺካጎ 115 ለ112 ተሸነፈ። የድራፍት ዕጣው ከአስረኛ በታች ከወረደ ለኒው ዮርክ ይሰጥ ነበር። 750,000 ዶላር ተቀጣ፤ አስረኛውን ዕጣ አተረፈ፤ በዚያ ዕጣ ባደረገው ልውውጥ ዴሪክ ላይቭሊን አገኘ፤ በዓመቱ ከእሱ ጋር ለፍጻሜ ደረሰ። ዳላስን ወደ ሽንፈት የገፋው የዝርዝሩ ልቅነት አይደለም፤ ለሽንፈት ሽልማት የሚሰጠው ድራፍት ነው። ሊጉ ግን የሚቀጣው ዝርዝሩን ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ጸጥታ ነው። አንቀጹ ስለ ክለቡ ምቾት ብዙ ይናገራል፤ ስለሚቀረው ሰው ትንሽ። ባለሁለት መንገዱ ተጫዋች የሚያገኘው የጀማሪ ዝቅተኛ ደመወዝ ግማሽ ነው፤ ውሉ ወደ መደበኛ ካልተቀየረለትም በጥሎ ማለፉ አይሰለፍም። ሃምሳ ምሽት የተጠቀመበት ቡድን በትልቁ ምሽት ከውጭ እንዲያይ ያደርገዋል። ከዚህ ጎን፣ ማን እንደሚሰለፍ የሚያሳውቀው ዜና ለውርርድ ገበያው ገንዘብ ሆኗል። በሚያዝያ 2024 ከሊጉ ለዕድሜ ልክ የታገደው የቶሮንቶው ጆንቴ ፖርተር ባለሁለት መንገድ ውል ላይ ነበር፤ ከተገኘበት ጥፋት አንዱ የጤና ሁኔታውን ለተወራራጅ መንገሩ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ጥፋቱን አያቀልለትም። ነገር ግን ምስጢሩ ውድ፣ ባለቤቱ ርካሽ የሆነበት አሠራር አደጋ እንዳለው ሰነዱ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

በጥቅሉ የ2005ቱ አንቀጽ በዙሪያው ከተከመሩት መመሪያዎች ሁሉ ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ሰውን እንደ ዐዋቂ ስለሚያይ ነው። ስምምነቱ እስከ 2029–30 ይዘልቃል። ያኔ የሚቀመጡ ተደራዳሪዎች ኮከቦች ለምን ያርፋሉ ብለው ሐኪም ከመላክ የ82 ጨዋታውን ብዛትና የድራፍቱን ሽልማት ቢመረምሩ፣ ሃምሳ ጨዋታ ለሰጠ ልጅም የጥሎ ማለፍ ማልያ ቢፈቅዱለት ይሻላል። ዝርዝሩን ግን ባይነኩት፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራውን በትክክል እየሠራ ያለው እሱ ነው።