የጨውና የስኳር ልክ

በተቅማጥ ጊዜ በውሃ ተበጥብጦ በሚጠጣው በኦ.አር.ኤስ ዱቄት ከረጢት ጀርባ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። እስቲ ዛሬ እናንብበው፦ ሶድየም ክሎራይድ 2.6 ግራም፣ ግሉኮስ 13.5 ግራም፣ ፖታስየም ክሎራይድ 1.5 ግራም፣ ትራይሶድየም ሲትሬት 2.9 ግራም። ሲደመር 20.5 ግራም ዱቄት ነው፤ የሚበጠበጠውም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ። ዱቄቱ ሲሟሟ በሊትሩ ውስጥ የሚኖረው ሶድየም 75 ሚሊሞል ነው፤ ግሉኮሱም 75 ሚሊሞል። ሁለቱ እኩል የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። እዚህ ልክ ላይ ለመድረስ የብዙ አገር ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ለዐሥርት ዓመታት ለክተዋል፣ አወዳድረዋል፣ የራሳቸውን ቀመር መልሰው አርመዋል። ጥሩ ሥራ ስናደንቅ ብዙ ጊዜ የምናነሣው የአንጥረኛውን፣ የሸማኔውን፣ የአናጢውን እጅ ነው። የሕክምና ተመራማሪም እጅ እንዲሁ ሊደነቅ ይገባዋል። ኩላሊትን ለማዳን የተደረገው ምርምር ደግሞ ከሥራዎቹ ሁሉ ያማረው ይመስለኛል።

ይህን ሥራ ለማየት ማታር ጥሩ ቦታ ናት። ማታር በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን፣ በዋንቱዋ ወረዳ የምትገኝ ለደቡብ ሱዳን ድንበር የቀረበች ከተማ ናት። በ2017 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን አፐር ናይል ግዛት፣ በናስርና በኡላንግ አካባቢ ውጊያ ሲበረታ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደዚህ ገቡ። ኮሌራም በዚያው ወቅት በሁለቱም የድንበሩ ወገኖች ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የእርዳታ ድርጅት ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆኖ በማታር የቆሰሉትንና በኮሌራ የታመሙትን አከመ።

ኮሌራ የሚይዘው አንጀትን ነው፤ ጉዳቱ ግን ኩላሊት ድረስ ይዘልቃል። በጽኑ የታመመ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊወጣው ይችላል። ኩላሊቶቻችን ደግሞ ደም ወዳድ ናቸው፤ ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይወስዳሉ። እያንዳንዱ ኩላሊት ሚሊዮን የሚደርሱ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ በጋራ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚያም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ደም መልሰው አንድና ሁለት ሊትር ብቻ በሽንት ያስወጣሉ። የሰውነት ፈሳሽ ሲጎድል አካል ለልብና ለአንጎል ያደላል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል። መጀመሪያ ሽንት ያንሳል፣ ቀጥሎም ይቆማል። የጎደለው በሰዓቱ ካልተተካ የኩላሊት ቱቦዎች ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ትናንት ጤነኛ የነበረ ወጣት ዛሬ ደሙን በመሣሪያ የሚያጣራለት ዲያሊሲስ የሚያስፈልገው በሽተኛ ይሆናል። ዲያሊሲስ ሩቅ በሆነበት አገር ይህ የሞት ፍርድ ነው።

ስለዚህ በኮሌራ ሕክምና ውስጥ የሚደነቀው የመጀመሪያ ዕቃ አልጋው ነው። መሃሉ ክብ ሆኖ የተቀደደ፣ በሚታጠብ ላስቲክ የተሸፈነ፣ ከቀዳዳው ሥር መስመር የተሰመረበት ባልዲ የተቀመጠለት ተራ የሚመስል አልጋ። በሽተኛው አቅም ቢያጣም አይነሣም፤ ከሰውነቱ የወጣውም ሳይለካ አይደፋም። ነርሷ መስመሩን አይታ ትጽፋለች፤ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ይተካ። በጽኑ ለታመመ አዋቂ ሪንገር ላክቴት የተባለው ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጠው በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ተሰልቶ ነው፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ሊትር ተኩሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ሦስት ሊትር ተኩሉ በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይገባል። መጠጣት ሲችል ኦ.አር.ኤስ ይቀጥላል። ከዚያ ሽንት ይጠበቃል። በኮሌራ ድንኳን ውስጥ በሽተኛው ሸና ማለት ኩላሊቱ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው፤ ሐኪሙም ቤተሰቡም እኩል የሚደሰቱበት ዜና ነው።

ይህ የመለካት ልማድ ራሱ የምርምር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ናሊን፣ ሪቻርድ ካሽና የዳካ ባልደረቦቻቸው በላንሴት መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ገጹ ጥቂት፣ ቁም ነገሩ ብዙ ነው። ግሉኮስና ጨው በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ከእነሱ በፊትም ተሞክሮ ነበር። የእነሱ ብልኃት የሚጠጣውን ከሚወጣው ጋር ሰዓት በሰዓት ማመዛዘናቸው ነው። በባልዲው የታየውን ያህል አጠጡ፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ፍላጎትም በ80 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራው ከባዱን ፈተና ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዲሽ ጦርነት ሚሊዮኖችን ወደ ሕንድ ሲያፈልስ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ የካልካታ ሐኪም በቦንጋዮን የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ሰውን ሲጨርስ አየ። ከታመሙት 30 በመቶ ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም እያለቀ ነበር። በካልካታ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ለአንድ ሊትር እንዲሆን እየመዘኑ በላስቲክ ከረጢት አሸጉት፤ የከረጢቱን አፍ የዘጉት በጋለ ካውያ ነበር። ውህዱን በበርሜል በጥብጠው ቧንቧ ገጠሙለት፤ ለበሽተኛው እየቀዱ የሚያጠጡትም እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች ሆኑ። በስምንት ሳምንት ከ3,700 በላይ በሽተኞች ታከሙ፤ የሞቱት 3.6 በመቶ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል መዝገብ መያዙን አለመተዉ ነው ይህን ሰው ታላቅ ባለሙያ የሚያሰኘው። ቁጥሩ ባይጻፍ ኖሮ ሥራው የአንድ መጠለያ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር።

ስኳሩስ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1960 በፕራግ በተካሄደ ስብሰባ ላይ ነው። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ክሬን በአንጀት ሕዋስ ግድግዳ ላይ ሶድየምና ግሉኮስ አብረው ካልሆነ የማይገቡበት በር እንዳለ በሥዕል አሳየ። ጨው ብቻውን ቢመጣ በዚያ በር አያልፍም፤ ከስኳር ጋር ሲመጣ ያልፋል፤ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል። የኮሌራ መርዝ አንጀት ውሃ እንዲያፈስ ሲያደርግ እንኳ ይህን በር አይዘጋውም። ዛሬ ኤስ.ጂ.ኤል.ቲ 1 ይባላል።

ባለሙያ ግን ሠራሁ ብሎ አያርፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ያከፋፈለው ቀመር 90 ሚሊሞል ሶድየምና 111 ሚሊሞል ግሉኮስ ነበረው፤ ሚሊዮኖችን አድኗል። ተመራማሪዎቹን ግን በውህዱ ውስጥ የሟሟው ነገር ክምችት በደም ውስጥ ካለው ከፍ ያለ መሆኑ አላስደሰታቸውም። ሕፃናትን በዕጣ ከፍለው ሁለት ቀመሮችን አወዳደሩ፤ ቀለል ያለው ቀመር በደም ሥር ተጨማሪ ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ቁጥር በሲሶ ያህል ቀነሰው፤ ትውከቱንም አቀለለው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ልኩ 75 በ75 ሆነ። የሚሠራን ነገር ይበልጥ እንዲሠራ ማረም ከሁሉ የሚከብድ ትሕትና ነው።

የዚህ ታሪክ ሌላኛው ግማሽ የሚገኘው በኩላሊት ውስጥ ነው። ኩላሊት በቀን 180 ግራም ያህል ስኳር ያጣራል፤ በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ግን ስኳር አይገኝም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም በኩላሊት ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ኤስ.ጂ.ኤል.ቲ 2 የተባለ የአንጀቱ በር ወንድም አለ፤ ሶድየምና ግሉኮስን አብሮ ወደ ደም ይመልሳል፤ ከሚመለሰው ስኳር 90 በመቶ ያህሉ በእሱ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1835 ከፖም ዛፍ የሥር ልጣጭ ፍሎሪዚን የተባለ ንጥረ ነገር ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናዊው ፎን ሜሪንግ ይህ ንጥረ ነገር ስኳርን በሽንት እንደሚያስወጣ አሳየ። ኬሚስቶች ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይተው ያንን ሞለኪውል አሻሻሉት፤ የአንጀቱን በር ሳይነካ የኩላሊቱን ብቻ የሚዘጋ መድኃኒት ሠሩ። ዳፓግሊፍሎዚን ከእነዚህ አንዱ ነው።

በመጀመሪያ የታሰበው ለስኳር በሽታ ነበር፤ ጥቅሙ ግን ለኩላሊትም ሆነ። በሩ ሲዘጋ ብዙ ሶድየም በቱቦው ወደ ታች ይፈስሳል፤ ኩላሊትም ይህን አይቶ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን የደም ሥር ጠበብ ያደርገዋል። በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በግፊት የሚያልቀው ማጣሪያም ዕድሜ ያገኛል።

ይህን ያረጋገጠው ዳፓ-ሲ.ኬ.ዲ የተባለው ጥናት እንዴት እንደተሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። በ21 አገሮች 4,304 የኩላሊት ሕሙማን ተሳተፉ። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ሁሉም የታወቀውን የኩላሊት ሕክምና አላቋረጡም፤ አዲሱ መድኃኒት የተፈተነው ከባዶ ጋር ሳይሆን በነባሩ ጥሩ ሕክምና ላይ ተጨምሮ ነው። አንድ ሦስተኛ ያህሉ የስኳር በሽታ የሌለባቸው ሰዎች እንዲሆኑ ታስቦበታል፤ ጥቅሙ ስኳርን ከመቀነስ ብቻ የመጣ እንዳይመስል። የኩላሊት አቅም በግማሽ ወረደ የሚባለውም አንድ ጊዜ በተለካ ቁጥር አይደለም፤ ቢያንስ ከ28 ቀን በኋላ ተደግሞ ሲለካ ያው ሆኖ መገኘት ነበረበት።

ይህ የመጨረሻው ጥንቃቄ ከሁሉ የሚልቅ ነው እላለሁ። ምክንያቱም መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የኩላሊትን የማጣራት አቅም ጥቂት ዝቅ ያደርጋል። የቸኮለ ተመራማሪ ጎዳ ብሎ ይጥለዋል። የታገሠው ግን ከዚያ በኋላ መስመሩ ሲረጋ፣ ማስመሰያውን የወሰዱት ሰዎች መስመር ደግሞ ቁልቁል ሲቀጥል ያያል። ጥናቱ በአማካይ 2.4 ዓመት ተከታትሎ፣ ገለልተኛው ኮሚቴ ጥቅሙ ግልጽ ሆኗል ብሎ ስለመከረ ቀድሞ ቆመ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ። የኩላሊት አቅም በግማሽ መውረድ፣ የኩላሊት ሥራ ማቆም ወይም በኩላሊትና በልብ ምክንያት መሞት ማስመሰያ ከወሰዱት 14.5 በመቶውን፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 9.2 በመቶውን አገኘ። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በዚያ ጊዜ መድኃኒቱን ቢወስዱ አንዱ ከዚህ ይተርፋል ማለት ነው።

ሁለቱ በሮች በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበት ቀንም አለ። ዳፓግሊፍሎዚን የሚወስድ ሰው ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ሲይዘው ሐኪሞች ክኒኑን ለጊዜው አቁም ይሉታል፤ በሽንት የሚወጣው ስኳርና ጨው ውሃ ይዞ ስለሚሄድ ድርቀቱን ያባብሳል። በዚያው ሰዓት ኦ.አር.ኤስ ጠጣ ይሉታል። የኩላሊቱ በር ለጊዜው ሥራውን እንዲቀጥል ይተዋል፤ የአንጀቱ በር በጨውና በስኳር ይሞላል። ይህን ለማወቅ ሁለቱን የምርምር መስመሮች አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

የዳፓ-ሲ.ኬ.ዲ ሥራ ያማረ ቢሆንም ጉድለት አለበት። ከ21ዱ አገሮች አንድም የአፍሪካ አገር የለም። ይህ ለክብር ብቻ የሚነሣ ቅሬታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የተለመዱትና ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጡት የኤፖል 1 የዘር ለውጦች በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ እንዳልተገኙ አሳይቷል። አፍሪካን በአንድ ቃል ጠቅልሎ የሚገምት ሕክምና ሊሳሳት ይችላል።

በአገራችን ግን በትንሽ አቅም በጥንቃቄ የተሠሩ ሥራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የወጣው ጥናት በአዲስ አበባ ኩላሊታቸው በድንገት የደከመባቸውን 136 ሕሙማን ወደፊት እየተከታተለ መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት በቅዱስ ገብርኤል ሆስፒታል ዲያሊሲስ ያደርጉ የነበሩ የ91 ሰዎችን መዝገብ መርምሮ፣ ከዓመት በላይ የቆዩት ከግማሽ በታች መሆናቸውን ሳይሸፋፍን ጻፈ። በጋምቤላ ሆስፒታልም ወባ የተጠረጠረባቸው 449 ሰዎች በጣት ደም ተመርምረው 7.3 በመቶዎቹ የጂ.6.ፒ.ዲ ኢንዛይም እጥረት እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ታውቋል። እነዚህ ሰዎች የወባ መድኃኒቱ ፕሪማኩዊን ቢሰጣቸው ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ፣ ከፈረሰው የሚወጣው ሄሞግሎቢንም ኩላሊታቸውን ሊጎዳ ይችላል። ክኒን ከመስጠት በፊት መጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ለጋምቤላ ሐኪም በቁጥር ያስቀመጠ ሥራ ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ አገርን ያኮራ ነው፤ ደግ ነው። ነገር ግን ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር የሚቀንሰው ኩላሊት ሳይጠፋ በሚሠራ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ የሚጀምረው ማታርን በመሰሉ ቦታዎች፣ በባልዲው መስመርና በነርሷ መዝገብ ነው። ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ጥናት ለሚያስተባብሩ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ በኮሌራ ድንኳን የተጻፈው መዝገብ ወረርሽኙ ሲያልፍ አይጣል፤ ከኮሌራ የዳኑ ሰዎች ኩላሊት ከወራት በኋላ ይለካ፤ የሚቀጥለው ታላቅ የኩላሊት መድኃኒት ጥናት ሲታቀድም የኢትዮጵያ ሕሙማን፣ የጋምቤላዎቹም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ቀን ይካተቱ። መለካቱን የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉን፤ የጎደለው ሥራቸውን የሚሸከም በጀትና ፈቃድ ነው።